ለሙሽራ መኪና ሬዲዮ ስገጥም

አጎቴ ደርበው ሲሞት ለሌላው ዘመድ ሁሉ ጥቅም ያለው ነገር ደረሰው። ለወንድሙ በሬዎቹ፣ ለእህቱ ባሕር ዛፉ፣ ለሚስቱና ለአንድ ልጁ ቤቱና መሬቱ። ለእኔ፣ ለእህቱ ልጅ፣ መኪና ደረሰኝ። መኪና ሲባል ሰምታችሁ ለመቅናት አትቸኩሉ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ ቀይ የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ናት። ለውድድር የተሠራች ናት ይላሉ። ከማን ጋር እንደምትወዳደር እኛ አገር እስካሁን አልታወቀም። እኔ በዓይኔ ያየሁት የተወዳደረችው ዳገት ላይ ከተጫነ አህያ ጋር ነው፤ አህያው ቀደማት።

የምንኖረው ደግሞ ንፋስ መውጫ ነው። ይህን ስም ያወጣው ሰው ባለቅኔ አልነበረም፣ የደረሰበትን ነው የተናገረ። ከጉና ተራራ ተነሥቶ የሚመጣው ብርድ ግድግዳና በር ባለው ቤት እንኳ ሰውን በጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርበዋል። በእንዲህ ያለ ከተማ ጣሪያው ሸራ የሆነ መኪና ማውረስ ውርስ ይሁን ቂም መለየት ያስቸግራል።

አጎቴ ዕድሜውን የጨረሰው አዲስ አበባ በመካኒክነት ነው። መኪናዋ የአንድ የውጭ ዜጋ ነበረች። ሰውየው አገሩ ሲገባ ለአጎቴ ሰጥቶት ሄደ። አጎቴም ጡረታ ሲወጣ እንደ ሰንጋ በሬ አይሱዙ ላይ አስሮ አመጣት። በዓመት አንድ ቀን፣ ለጥምቀት፣ አጥቦ ከተማውን አንዴ ይዞርባታል፤ ከዚያ መልሶ ይሸፍናታል። ኑዛዜው ላይ ያስጻፈው ቃል ይኸ ነበር፦ «መኪናዋን ለፊዚክሱ ልጅ። ኤሌክትሪኳ ጠባየኛ ነው፣ እሱ ያውቅበታል።»

የፊዚክሱ ልጅ እኔ ነኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፣ ከዚያም ውስጥ ግማሹን ኤሌክትሪክ። በእነዚህ ሃያ ስድስት ዓመታት በእጄ የጠገንሁት ነገር ቢኖር የጠመኔ ሣጥን ክዳን ነው። የከተማው ሰው ግን ይህን አያውቅም። ፊዚክስ አስተማሪ ማለት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይመስለዋል። ምድጃ የተበላሸበት፣ ቻርጀር የተቃጠለበት ሁሉ ይዞልኝ ይመጣል። እኔም ዕቃውን አገላብጬ አይቼ፣ በአፍንጫዬ አሽትቼ፣ «አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ» እላለሁ። እስከዛሬ ተሳስተሃል ያለኝ የለም። አልቆለታል ከተባለ ዕቃ ጋር ማን ይከራከራል።

ነገሩ የተበላሸው ሰብለ ልታገባ ስትል ነው። ሰብለ የአጎቴ አንድ ልጁ ናት። አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ጠይቋት፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆረጠ። እናቷ እትዬ ይታይሽ አስጠርተውኝ ሄድሁ።

«ሰብለ ከቤቴ በሌላ ሰው መኪና አትወጣም» አሉኝ። «አባቷ ቢኖር እሱ ነበር ይዟት የሚወጣ። እሱ የለም። መኪናው ግን አለ።»

እሺ አልሁ። በዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ዛሬ ይህን ሁሉ ባልለፈለፍሁ። የሰብለ ጓደኞች ግን መኪናዋን ሊያዩ መጡና ዘፈን የሌለበት የሙሽራ መኪና አስከሬን የሚያመላልስ ይመስላል ብለው ፈረዱ። እውነትም ዳሽቦርዷ ላይ ድሮ ሬዲዮ የነበረበት ክፍት ቦታ አለ። አጎቴ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ለጥፎ ሸፍኖታል።

«ይገጠምላታ» አለች ሰብለ፣ ወደ እኔ እያየች።

«ባለሙያ ጠርተን እናስገጥማለን» አሉ እትዬ ይታይሽ።

«ባለሙያ?» አልሁ። «እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?»

«አንተማ አስተማሪ ነህ» አሉኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሴትዮዋ የተናገሩት እውነቱን ነበር። እኔ ግን ስድብ መሰለኝና በነጋታው በመጀመሪያው ሚኒባስ ደብረ ታቦር ወርጄ ሬዲዮ ገዛሁ። አዲስ፣ ሰማያዊ መብራት ያለው፣ ፍላሽ የሚቀበል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ በእትዬ ይታይሽ ግቢ ሥራ ጀመርሁ። ለሠርጉ ጌሾ የሚወቅጡት፣ ብቅል የሚያሰጡት ጎረቤቶች ሁሉ ሥራቸውን ትተው ከበቡኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ኖሬያለሁና ሰው ሲበዛ አፌ አያርፍም፤ ማስተማር ጀመርሁ። ስለ ሽቦ፣ ስለ ኃይል፣ ስለ ኦም ሕግ። ባለቤቴ ሰማች ሰማችና፣ «መጀመሪያ ባትሪውን አትፈታውም?» አለችኝ። ባለቤቴ የቀበሌ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። መዝገብ ቤት ስለ ባትሪ ምን አገባው ብዬ አለፍኋት።

ባትሪው ከወንበሮቹ ኋላ ወለሉ ሥር ተቀብሯል። ክዳኑን ብከፍተው ላዩ ላይ በአጎቴ እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ «ተገላቢጦሽ ነው!» የሚል ተጽፏል። ቆም ብዬ አሰብሁ። አስቤም ክዳኑ ተገልብጦ ነው የተገጠመው ማለቱ መሆኑን ደረስሁበት። ክዳኑን አዙሬ ገጠምሁት። እንዲያውም በአጎቴ ትንሽ አዘንሁ፤ ስህተቱን እያወቀ ለማስተካከል ያልቻለ ሽማግሌ ብዬ።

ከዚያ ዳሽቦርዱ ሥር ተንጋልዬ ገብቼ ኃይል ያለበትን ሽቦ በትንሽ አምፖል ፈለግሁ። አምፖሉ በራ። አምፖል አቅጣጫ አያውቅም፤ ከየትም ቢመጣለት ይበራል። በዚህ ዓለም ላይ እንደ አምፖል የሚኖሩ ሰዎች ሞልተዋል፣ ተመችቷቸው ነው የሚኖሩት። ሬዲዮ ግን እንደዚያ አይደለም። ቀዩን ከሽቦው፣ ጥቁሩን ከመኪናው አካል ጋር አሰርሁ፤ እንደ መጽሐፉ። ከፈትሁት። ሰማያዊ መብራቱ እንደ ዓይን አንዴ ጠቀሰኝ። «ጧ» አለ። ቀጭን ጭስ ወጣ፣ ሽታውም ጥፍር ሲቃጠል ያለው ዓይነት።

እዚህ ላይ አዋቂ ሰው ያቆማል። ባለሙያ የማያውቀውን ይጠይቃል፤ አስተማሪ ግን ሳይጠየቅም ይመልሳል። «ይጠበቅ የነበረ ነው» አልኋቸው ለተመልካቾቼ። ሽቦዎቹ ተለዋውጠው ይሆናል ብዬ ቀዩን ከአካሉ፣ ጥቁሩን ከሽቦው አሰርሁ። ፊውዙ ለካ ቀድሞ ተቃጥሏል። መለወጫ ስላልነበረኝ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚገኘውን የብር ወረቀት ጠቅልዬ ሰካሁበት። ይህን ተማሪዎቼ እንዳያደርጉ በየዓመቱ የማስጠነቅቃቸው ነገር ነው። ከዚያ የሬዲዮውን ቆርቆሮ ሣጥን ዳሽቦርዱ ላይ ላጠብቀው ስገፋው ብረት ብረትን ነካ።

የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የሬዲዮው ሣጥን ከጥቁሩ ሽቦ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ባትሪው ያለውን ኃይል ሁሉ በአንድ ሽቦ ላይ ለቀቀው። ዳሽቦርዱ ሥር ያለው የሽቦ ጥቅል እንደ ጧፍ ተያይዞ ወደ ፊት መብራቶቹ ሮጠ። እኔ ተንጋልዬ እንደነበርሁ በጀርባዬ ተሳብሁና ወጣሁ። ባለቤቴ የሠርጉን ጠላ ጥንስስ አንድ እንስራ ሙሉ አንሥታ መጣች።

«በኤሌክትሪክ እሳት ላይ ፈሳሽ አይደፋም፣ ምክንያቱም...» ብዬ ማብራራት ጀመርሁ።

ምክንያቱን ሳልጨርስ ደፋችው። እሳቱ ጠፋ። መኪናዋ እስከዛሬ ፀሐይ ሲመታት ጌሾ ጌሾ ትሸታለች።

ሰብለ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ወደ ቤት ገብታ በሩን በቀስታ ዘጋችው። እትዬ ይታይሽ የወፍጮው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉና መኪናዋን እያዩ፣ «ደርበው ዛሬ ነው የሞተ» አሉ።

ብዙ ነገር ተብያለሁ በሕይወቴ። እንደዚህ የጠለቀ ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሳትነግረኝ ወጥታ ሄደች። ስትመለስ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት አስከትላለች። ከመናኸሪያው ጀርባ የባጃጅ ኤሌክትሪክ የምትሠራዋ የሺ የምትባለዋ ናት። ስሟን ሰምቼ አውቃለሁ። እኔ አልቆለታል ያልሁትን ዕቃ ሁሉ ሰዎች ወደ እሷ እየወሰዱ ያሠሩት እንደነበር ግን የሰማሁት ኋላ ነው።

«እንደምን ዋሉ መምህር» አለችኝ፣ ዝቅ ብላ።

በእኛ ሥራ መምህር ብሎ ዝቅ ያለ ሁሉ ወይ ተማሪ ነበር ወይ የተማሪ ወላጅ ነው። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበርሽ?» አልኋት።

«ቆየ» አለች። መሣሪያዋን አስቀምጣ ቀጥታ ወደ ባትሪው ሄደች። ክዳኑን አንሥታ የተጻፈውን አነበበች። «ይህን አይተውት ነበር?»

«አይቻለሁ። ክዳኑን መስሎኝ ነው።»

አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ዛሬ ያለው መኪና ሁሉ አካሉ ኔጌቲቭ ነው» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለባለቤቴ እየነገረች። «የድሮ እንግሊዞች አንዳንዶቹ አገላብጠው ነው የሠሯቸው። አካሉ ፖዘቲቭ ነው። አጎታቸው ይህንን ነው የጻፉት።»

«አውቃለሁ» አልሁ። ስለ እውነት በአንድ መጽሐፍ ግርጌ ላይ አንብቤው ነበር።

ዞራ አየችኝ። «ካወቁ ታዲያ ለምን እንዲህ አሰሩት?»

እኔም ክዳኑን አንሥቼ ወደ ነበረበት አዞርሁት።

የሺ የተቃጠለውን ሽቦ ሁሉ ነቅላ በአዲስ መለወጥ፣ የመኪናዋንም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ገልብጣ እንደ ዘመኑ መኪና ማድረግ እንዳለባት ነገረችን። ለሰብለ ሠርግ ይደርሳል ወይ ብንላት፣ «መምህር ካልነኩት ይደርሳል» አለች። ስድብ አልነበረም፤ የሥራ ዕቅድ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ እየሄድሁ የስልኬን መብራት እይዝላት ጀመር። እሷ መኪናው ሥር ትተኛለች፣ እኔ በርከክ ብዬ አበራለሁ። መምህራን ጓደኞቼ በግቢው አጥር ሲያልፉ ቆም እያሉ ያዩኛል። የሒሳቡ መምህር አንድ ቀን፣ «የት ደረሳችሁ?» ቢለኝ የሺ ከሥር ሆና፣ «መያዝ ለምደዋል» አለችው።

እንዴት እንደምትሠራ ልንገራችሁ። ሽቦ ስትይዝ ጣቷ አይቸኩልም። አንዱን ከአንዱ ስታገናኝ ጠምዝዛ፣ በይዳ፣ ሸፍና፣ ጎትታ ትፈትነዋለች፤ ከዚያ በጨርቅ ቁራጭ ምልክት ታስርበታለች። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከእንግዲህ ኃይል በየት በኩል እንደሚሄድ እንዲያውቅ በሽቦ ጫፍ ለአፍታ ነካ አድርጋ፣ ብልጭ ሲል፣ «ተማረ» አለች። እኔ አንድ ክፍል ተማሪ ያንን ለማስተማር አንድ ወሰነ ትምህርት ይፈጅብኛል።

ሦስተኛው ቀን ላይ አላስቻለኝም። «የሺ፣ ይህን የመሰለ ጭንቅላት ይዘሽ ትምህርት ለምን ተውሽ?» አልኋት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አስተማሪዎች ስንጠይቅ መልሱን ገምተን ነው። ባል፣ ድህነት፣ የቤተሰብ አለማወቅ። ማዘናችንን አስቀድመን አዘጋጅተን ነው የምንጠይቅ።

«እርስዎ ነዎት ያስወጡኝ» አለች።

መብራቱ ከእጄ ዘንበል አለ።

«ወደ ቀኝ ይመልሱት» አለችና ሽቦውን እየጠመዘዘች ቀጠለች። «አሥረኛ ክፍል ነበርሁ። ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል ብለው ቀስት ሣሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኤሌክትሮን የሚነሣው ከኔጌቲቭ ነው ብለው አስጽፈውን ነበር። ታዲያ የትኛው ነው ብዬ ጠየቅሁ።»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አልሁ።

«ያን ጊዜ ጥሩ አላሉም። ክፍሉ ሳቀ። እርስዎ በእርስዎ የሳቁ መሰለዎት። ልታሾፊብኝ ነው ብለው ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ አሉኝ።»

የየሺ አገር ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ከተማም አልፎ። ንፋስ መውጫ ከሁለት ሴት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ፣ ስንቅ ከቤት እየተላከላት ነበር የምትማረው። አባቷ መሪጌታ ናቸው፣ ቅኔ ያስተምራሉ። በእግር ሄዳ ደርሳ፣ መምህሬ ጠርተውዎታል አለቻቸው። ለምን ቢሏት ጥያቄ ስለጠየቅሁ አለች።

«አላመኑኝም» አለች። «እሳቸውም ተማሪ አባረው ያውቃሉ። መምህር ያለ ነገር አያባርርም አሉ። አጥፍተሽ ነው፣ ከእንግዲህ አትመለሽም አሉ። መምህር ለመምህር ይተማመናል።»

ከዚያ ሊድሯት ሲሉ ጠፍታ ባሕር ዳር ወረደች። አንድ ጋራዥ ውስጥ ልብስ እያጠበች፣ ወለል እየጠረገች ቆየች። ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰውዬ ዓይኑ ሲደክም ቀጭኑን ሽቦ እሷ ታይለት ጀመር። በዚያው ሙያ ያዘች። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ምሬት ፈለግሁ፤ ቢኖር ልከራከረው እችል ነበር። ግን የባጃጅ ብልሽት እንደምትዘረዝር ነበር የነገረችኝ።

ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። አላስታወስኋትም። ቤቴ ገብቼ ራት ቀርቦልኝ ሳልቆርስ ቁጭ ብዬ ያችን ቀን ፈለግሁ። ፊቷን፣ የተቀመጠችበትን ወንበር፣ የክፍሉን ሳቅ። ምንም የለም። ለእሷ ዕድሜዋን ሁለት ቦታ የሰነጠቀ ቀን ለእኔ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ እንኳ አይታወቅም።

«ስንት ጊዜ ነው ወላጅ አምጡ ያልኸው?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ነገሩን ስነግራት።

«ሁላችንም እንላለን» አልኋት።

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ።»

በነጋታው የይቅርታ ንግግር አዘጋጅቼ ሄድሁ። መግቢያ ነበረው፣ ሐተታ ነበረው። «የሺ፣ እኛ መምህራን በዚያን ዘመን የነበረው የክፍል ብዛትና የሥራ ጫና...» ብዬ ጀመርሁ።

«ከፍ ያድርጉት፣ አይታየኝም» አለች።

ከፍ አደረግሁት። ንግግሩ እዚያው ቀረ።

መኪናዋ ዓርብ ዕለት ተነሣች። እኔ ያቃጠልሁትን ሬዲዮ የሺ አገላብጣ አይታ፣ «አልቆለታል» አለች። እውነትም አልቆለት ነበር። ከአንድ አሮጌ ሚኒባስ የወጣ ሬዲዮ አምጥታ የሚካኤልን ሥዕል ሳታነሣ ከሥሩ ገጠመችው። ሲከፈት መጀመሪያ የያዘው ስለ ድንች በሽታ የሚያስተምር የግብርና ፕሮግራም ነበር። እትዬ ይታይሽ ወንበር አስመጥተው እስኪያልቅ ሰሙት። ሲያበቃ ተነሥተው የየሺን ሁለት እጆች፣ ግራሶው እንዳለ፣ ሳሙ።

እሑድ ሰብለን ይዤ ወጣሁ። ሁለት ሰው የምትይዝ መኪና መሆኗን ነግሬያችኋለሁ። ሙሽራው መንጃ ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ሙሽሪት ከእኔ ጋር ሆነች፣ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር በሚኒባስ አቧራችንን እየዋጠ ተከተለ። እኔን ያየበት አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። የሺ ነገሩ ከተበላሸ እንድትደርስልን ወንበርና ድስት በጫነው አይሱዙ ላይ ወጣች። ዘፈኑ ከፍ ብሎ ከተማውን አቋረጥን። ሰዉ ከሱቅ ወጥቶ አጨበጨበ።

የአርብ ገበያን መንገድ ይዘን ከተማው ከኋላችን ሲሰወር ሰብለ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ አደረገች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቢያጠፉት» አለች።

«ምኑን?»

«ሬዲዮውን። ሞተሩን ልስማው። አባቴ በጥምቀት ዞሮ እቤት ሲደርስ ከሩቅ በድምፁ ነበር የማውቀው።»

አጠፋሁት። ደብረ ታቦር ድረስ ያስኬደ፣ መኪና ያስለበለበ፣ ጥንስስ ያስደፋ፣ የሰውን ታሪክ ያስቆፈረ የሬዲዮ ነገር ጠፍቶ አብዛኛውን መንገድ ያለ ዘፈን ሄድን። ሰብለ ዓይኗን ጨፍና ሞተሩን ትሰማለች። እኔ ጉድጓዱን እያየሁ እነዳለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ እንባዋን በጓንቷ ጠረገች። እኔም ያየሁ አልመሰልሁም።

አርብ ገበያ ዳሱ ውስጥ ከምሳ በኋላ ምስጋና ተጀመረ። የሙሽራው አጥቢያ ቄሰ ገበዝ ተነሥተው፣ የሞተ አባት መኪና አስነሥቶ፣ በገዛ እጁ ሬዲዮ ገጥሞ፣ የሙት ልጅን በክብር ላመጣው መምህር እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው አሉ። እልልታው ቀለጠ። ይህን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። የሺ ከዳሱ ጫፍ ከሾፌሮቹ ጋር ተቀምጣ ትበላለች።

ተነሣሁ። «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ የሠራሁት እኔ አይደለሁም» አልሁ። «እኔ ያቃጠልሁ ነኝ። የሠራችው የሺ ናት፣ ያችውና። ተማሪዬ ነበረች። ጥያቄ ብትጠይቀኝ ከክፍል ያባረርኋት ተማሪዬ ናት።»

ቄሰ ገበዙ ፈገግ ብለው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«ትሕትናውን አያችሁ?» አሉ። «መምህር ማለት እንዲህ ነው። ተማሪውን ባለሙያ አድርጎ፣ ክብሩን ለእሷ ሰጥቶ፣ ራሱን በደለኛ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ያብዛልን።»

እልልታው ከፊተኛው በለጠ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። እውነት ተናግሬ እንዲህ የተመሰገንሁበት ቀን የለም፤ አንድም ሰው ግን አላመነኝም። ቀና ስል የሺ እጇን ታጥባ ስትወጣ አየሁ።

ተከትያት ወጣሁ። መኪናዋ አጠገብ ቆማ ጎማ ታያለች።

«ሰማሽኝ? እውነቱን ተናገርሁ» አልኋት።

«ሰማሁ።»

«አላመኑኝም።»

«ያምናሉ ብለው ነበር?»

ያለ መግቢያና ያለ ሐተታ፣ «በድዬሻለሁ። አላስታውስሽም፣ እሱም ሌላ በደል ነው። ይቅር በይኝ» አልኋት።

የሺ ወደ አይሱዙው አየች፣ ወንበሮቹን እየመለሱ ይጭናሉ። «እግዜር ይቅር ይበለዎት መምህር» አለች። «እሱ ይላል፣ ሥራው ነው። እኔ ግን ገና ነኝ።»

ወደ ንፋስ መውጫ ስንመለስ ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነበር። ነይ ግቢ አልኋት። አመስግና እምቢ አለችና አይሱዙው ላይ ወጥታ በተጫኑት ወንበሮች ላይ ተቀመጠች። አይሱዙው ቀድሞ ተነሣ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ የውድድር መኪናዬም ዳገት ላይ ማንንም መቅደም አትችልም። ስለዚህ ያን ሁሉ መንገድ ሸራውን ለብሼ፣ በሸራው ቀዳዳ የሚገባውን አቧራ እየዋጥሁ፣ ከኋላዋ ተከተልሁ። አቧራው ሲገለጥ አያታለሁ። ጀርባዋን ለሾፌሩ ሰጥታ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ተቀምጣለች። የምታየው ግን እኔን ይሁን ተራራውን አላውቅም።

ከተማ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሌሎቹ መኪኖች መብራት ስላበሩ እኔም አበራሁ። አይሱዙው መናኸሪያው ጋ ቆመ። የሺ ወርዳ አቧራዋን አራገፈችና ወደ እኔ መጣች። መስተዋቱን ዝቅ አደረግሁ።

«የግራው መብራት አይበራም» አለች። «መንገዱ አላልቶት ይሆናል። ሰኞ ያምጡት።»

«ሰኞ ክፍል አለኝ» አልኋት።

«ከክፍል በኋላ ያምጡት» አለችና መሣሪያዋን አንሥታ ሄደች።